ሸራ፣ ኖራና የሐጃ ሰፊያ ቤት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የግቢውን አጥር ኖራ ሲያስቀባ በአጠገቡ አለፍኩ። ኖራው ገና እርጥብ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ለአፍታ ጠፋኝ። እርጥብ ኖራ ለሌላ ሰው ምን ምን እንደሚሸት አላውቅም። ለእኔ ግን ጨው፣ አዲስ ሸራና የተነከረ ገመድ አብረውት ይሸታሉ። አስር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የጅቡቲ ሙቀት ውሻውን ከጥላ ጥላ በሚያሳድድበት ወቅት፣ እናቴ የሐጃ ሰፊያን ቤት ስታስተካክል አብሬያት ነበርኩ።

እናቴ አስካለ ሸራ ሰፊ ነበረች። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሱት መኪኖች ጭነታቸውን የሚሸፍኑበትን ሸራ ነበር የምትሰፋው። ካርቲየ 3 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ፣ ከቤታችን ደጃፍ ባለች ዳስ ሥር፣ ትልቁን የስፌት መኪናዋን አቁማ ትሠራለች። የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ መዞር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ስለነበር ሥራ አይጠፋም። ሾፌሮቹ የተቀደደ ሸራቸውን ጠቅልለው ያመጡና "እህት አስካለ፣ ለነገ ጠዋት አደራ" ይሏታል። እሷም ሸራውን መሬት ላይ ትዘረጋና ጫማዋን አውልቃ ትሄድበታለች። ዓይን ያላየውን ቀዳዳ እግሯ ያገኘዋል።

ሐጃ ሰፊያ የመናዊት ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ግን ድሬዳዋ ነው። ተድረው በባቡር ወደ ጅቡቲ ከወረዱ ሃምሳ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። አማርኛቸው የድሬ አማርኛ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ"፣ "አንቺ" ነው የሚሉት። ቤታቸው ከባቡር ጣቢያው ሳይርቅ፣ ከባህሩ አፋፍ ላይ የቆመ፣ ከባህር በወጣ ድንጋይ የተገነባ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ግድግዳው ከክንድ ይወፍራል፤ ሰገነቱ በቅስት የተደገፈ ነው፤ መስኮቶቹም አየር የሚያሳልፉ የእንጨት ክንፎች አሏቸው። አባቴ በዚያ ስናልፍ "ይሄ ታሪካዊ ቤት ነው" ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ታሪክ ሲባል የነገሥታት ስም ስለሆነ፣ ከነዚያ መስኮቶች ጀርባ ነገሥታት በተራ ተራ ተቀምጠው ይመስለኝ ነበር።

ሐምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ የሰገነቱን ጥላ ሸራ ቀድዶት እናቴ ተጠራች። ከእሷ ጋር ገባሁ። ንጉሥ የለም። ያለው ዕቃ ነው። ሁለት ትላልቅ ሶፋዎች፣ ከእግሬ ቁመት የማይበልጡ አምስት ጠረጴዛዎች፣ መስታወት የገጠማቸው ቁምሳጥኖች፣ የነሐስ ትሪዎች፣ ጫፋቸው የተሸበሸበ ምንጣፎች አንዱ ባንዱ ላይ ተነጥፈዋል። ግድግዳው አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባ ሆኖ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ አብጧል። ነካ ሳደርገው ተሰበረና ከውስጡ ነጭ ጨው ረገፈ።

ሐጃ ሰፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ባህሩ አድርገዋል። ለሰላምታ እጄን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። ወደ እኔም አላዩም። ኩሩ ሴትዮ ናቸው ብዬ እጄን ወደ ቀሚሴ መለስኩ።

እናቴ ግን እግራቸውን እያየች ነበር። ቅልጥማቸው ላይ ሰማያዊም ቢጫም ሰንበር አለ።

"እግርዎን ምን ነካው?" አለቻቸው።

"ጠረጴዛ።"

"ይሄኛውንስ?"

"ሌላ ጠረጴዛ" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "ልጄ ዑመር በሚመጣው ወር መጨረሻ ከዱባይ ይመጣል። ቤቱን ሊሸጠው ነው። እኔን ፎቅ ላይ አፓርታማ ሊያስገባኝ። ትወድቂያለሽ ብሎ ፈርቶ ነው፤ አምና ወድቄ እጄ ተሰብሮ ነበር። ባህሩን ከላይ ሆነሽ ታያለሽ ይለኛል።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ከዚህ ቤት ሬሳዬ እንዲወጣ ነው የምፈልገው።"

እናቴ ሳሎኑን ዞረች። ጫማዋን አውልቃ ነበር። ምንጣፉን፣ የጠረጴዛውን ጥግ፣ የደፉን ከፍታ በእግሯ እየነካች ሄዳ ተመለሰች።

"ቤቱ አይደለም የሚጥልዎት" አለች። "ዕቃው ነው።"

"እንግዲያው ዕቃውን አንሺልኝ" አሉ ሐጃ ሰፊያ። ከዚያ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። "ይሄም ታፍኗል። የዚህ ቀለም ነገር ድሮም አላማረኝም። ይሄ ቤት የሚፈልገው ሾ ነው።"

በመንገድ ሁሉ ይህን አሰብኩ። ትምህርት ቤት ከተማርኩት ፈረንሳይኛ "ሾ" ማለት ትኩስ ነው። ሰው ሁሉ ከሙቀት በሚሸሽበት ከተማ፣ ሙቀት የሚፈልግ ቤት እንዴት ያለ ነው? ለእናቴ ስነግራት የምሰፋው አለኝ ብላ አልሰማችኝም።

ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን አገኘሁ። እናቴ ጋሽ ተክሌን ይዛ መጣች። ጋሽ ተክሌ በምድር ባቡር የእንጨት ሥራ ክፍል ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ የፉርጎ መቀመጫ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ግቢው ውስጥ በርሜል አቁመው ውሃ ሞሉና ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ጨመሩበት። ከበርሜሉ ሥር እሳት የለም። ውሃው መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ተንተከተከ፤ እንፋሎቱም ፊቴ ድረስ መጣ።

"ሂጂ፣ ራቂ" አሉኝ። "ኖራ ነው። ፈረንሳዮቹ ሾ ይሉታል።"

"ሾ ትኩስ ማለት አይደለም እንዴ?"

"ጣትሽን ከትተሽ ንገሪኝ።"

በጽሑፍ ሁለቱ ቃላት እንደሚለያዩ መምህሬ ኋላ ብታስረዳኝም፣ በርሜሉን ስላላየች ነው ብዬ አለፍኳት።

አረንጓዴውን ቀለም ፍቆ ማንሳት አስር ቀን ፈጀ። እናቴና ጋሽ ተክሌ ይፍቃሉ፣ እኔ የወደቀውን እጠርጋለሁ። ላባችን ከቀለሙ ትቢያ ጋር ተደባልቆ ማታ ስታጠብ ከሰውነቴ የሚወርደው ውሃ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ኖራው ተቀጥኖ፣ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ተቀባ። መጀመሪያ ቀን አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ኖራው ሲቀባ ውሃ ነው የሚመስለው፤ ግድግዳው እንደ ቆሸሸ ቀረ። እናቴ የሐጃ ሰፊያን ቤት አበላሸችው ብዬ ራቴን ሳልበላ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ስንገባ ሳሎኑ በሙሉ ነጥቶ ጠበቀን። ኖራ ሲደርቅ እንደሚነጣ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ዕቃው ግን ክርክር አስነሳ። እናቴ ሶፋዎቹንም ቁምሳጥኖቹንም ወደ ታችኛው ክፍል አስወረደች። ሳሎኑ ባዶ ሲሆን ድምፃችን እንደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስተጋባት ጀመረ። ጋሽ ተክሌ መሀል ቆመው ዙሪያቸውን አዩ።

"አስካለ፣ ይሄ እኮ የጋቦዴ እስር ቤት መሰለ" አሉ።

እኔም በልቤ ከሳቸው ጋር ነበርኩ። የሀብታም ቤት ዕቃ ይጨመርበታል እንጂ ይቀነስበታል ብዬ አላውቅም። እናቴ የሰው ቤት እያራቆተች መሰለኝ። አባቴ ማታ "ሥራው እንዴት ነው?" ሲለኝ "ጥሩ ነው" ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ከሁሉ የባሰው የሳጥኑ ቀን ነበር። የሐጃ ሰፊያ ባለቤት ጥለውት ያለፉት፣ የነሐስ ምስማር በላዩ የተመታበት ትልቅ ሳጥን ሳሎኑ መሀል ተቀምጦ ኖሯል። እናቴ ይነሳ አለች።

"እሱን አትነኪውም" አሉ ሐጃ ሰፊያ።

"መሀል መንገድ ላይ ነው።"

"ሰላሳ ዓመት እዚያው ነው።"

"ሰንበርዎም ከሱ ነው" አለች እናቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሐጃ ሰፊያ ሁለት ቀን አላነጋገሯትም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ሳጥኑን ከአልጋቸው ግርጌ እንዲቀመጥ አደረገችና ጠራቻቸው። "ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚነኩት እሱን ይሆናል። ከሱ ተነስተው ነው የትም የሚሄዱት" አለቻቸው። ሐጃ ሰፊያ አልጋው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሰደዱ፤ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። "ይሁን" አሉ።

ከዚያ የሚያስደስተው ሥራ መጣ። ጋሽ ተክሌ ከወደብ በወጣ የዕቃ መጫኛ ሳጥን እንጨት ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መደብ ሠሩ። ቦታውን የሚለቅ ወንበር አያስፈልግም አለች እናቴ። የመደቡ ፍራሽ ልብስ፣ መጋረጃው፣ የሰገነቱ ጥላ፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት የጥጥ ሸራ፣ ቀለም ያልነካው፣ ከደረቀ ሣር ትንሽ የሚነጣ። የመጋረጃውን የብረት ዘንግ ጨው በልቶት ስለነበር አውጥተን በመርከብ ገመድ ተካነው። እናቴ ለመኪና ሸራ የምትመታውን የነሐስ ቀለበት በመጋረጃው ላይ መታችበት፤ ጠርዙ ውስጥ ደግሞ ነፋስ እንዳያነሳው አሮጌ ቀለበቶች ሰፋችበት። ወለሉ ላይ ከአፋር ሴቶች የገዛነውን ሰሌን ጫፍ ለጫፍ አያይዘን፣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ሸራ ሰፍተንበት፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤትና ሰገነት የሚሄድ መንገድ አወጣንለት። ወስፌውን እናቴ ታስገባለች፣ ክሩን እኔ ከሌላው ወገን እስባለሁ። ጣቴ በሰም ክር ተቆርጦ ሲያቃጥለኝ አላሳየኋትም።

ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት የመጋረጃውን ገመድ ላስተካክል በርጩማ ላይ ወጣሁ። ስጨርስ በርጩማውን ሰሌኑ ላይ ትቼው ውሃ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ሐጃ ሰፊያ ከመኝታ ቤት ሲወጡ አየኋቸው። ቀና ብለው፣ ፈጠን ብለው፣ እንደ ወጣት ይራመዳሉ። ቀጥ ብለው በርጩማው ላይ ሄዱና ወደቁ።

"ማነው?" አሉ ወለሉ ላይ እንዳሉ።

ፊት ለፊታቸው ነው የቆምኩት፣ ሁለት እርምጃ አይርቅም።

"ማነው እዚያ ያለው?" ደግመው ጠየቁ። ፊታቸው ግን ወደ መስኮቱ ዞሯል።

ያኔ ገባኝ። እጄን ያልተቀበሉኝ ስላላዩት ነው።

እናቴ ከሰገነቱ ሮጣ መጣች። ጉልበታቸው ደምቷል፤ ሌላ የተሰበረ ነገር አልነበረም። እያለቀስኩ በርጩማውን እኔ እንዳስቀመጥኩት ተናገርኩ።

"ተዪያት" አሉ ሐጃ ሰፊያ ለእናቴ። "ማን ነግሯት?" ከዚያ እናቴን፣ "አንቺስ ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?"

"ሸራውን ልሰፋ የመጣሁ ቀን። ልጄ እጇን ዘርግታ ቆማ ቀርታ ነበር።"

"ጥላ ጥላውን አያለሁ። ሌላውን ካየሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለዑመር አልነገርኩትም። ቢያውቅ የዚያኑ ዕለት ነው የሚወስደኝ።"

ጋሽ ተክሌ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ብርጭቆ ወረቀታቸውን አነሱና የጨረሱትን መደብ ከመጀመሪያው ጀምረው ጠርዙን እንደገና ማለስለስ ያዙ። እስኪመሽ ድረስ የወረቀቱ ድምፅ አልቆመም። ከዚያ በኋላ ስለ ጋቦዴ አንስተው አያውቁም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ከነገ ጀምሮ የመንገዱ ኃላፊ አንቺ ነሽ" አለችኝ። በየጠዋቱ ከአልጋው ግርጌ ተነስቼ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ሰሌኑን እፈትሽ ጀመር። የላላ ክር፣ የወደቀ ምስማር፣ የተቀመጠ ባልዲ፣ ምንም እንዳይቀር። አንድ ቀን ሐጃ ሰፊያ መጋረጃዎቹ ሁሉ በእጅ ሲዳሰሱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የቱ የየት በር እንደሆነ እንደሚምታታባቸው ተናገሩ። እናቴ ልታስብበት ስትል፣ "ብንቋጥረውስ?" አልኩ። በእያንዳንዱ መጋረጃ ጠርዝ፣ የሐጃ ሰፊያ እጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ ገመድ ሰፋንበት፤ ለመኝታ ቤት አንድ ቋጠሮ፣ ለወጥ ቤት ሁለት፣ ለመታጠቢያ ቤት ሦስት፣ ለሰገነቱ አራት። ሁሉንም የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ተክሌ እየጎተቱ ፈተኑት። "ባቡር ይስባል" አሉ።

ዑመር የመጣው ሐምሲን በሚነፍስበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። አቧራ እንዳይገባ መስኮቶቹን ዘግተን ነበርና ቤቱ ቀዝቀዝ ብሎ ደብዘዝ ብሏል። ሻንጣውን ይዞ ከዚያ ፀሐይ ሲገባ ዓይኑ ጨልሞበት በሩ ላይ ቆመ።

"ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ በስተግራህ ተቀመጥ" አሉት እናቱ።

ተቀመጠ። ዓይኑ ሲለምድለት ግራ ቀኝ አየ። በአረብኛ የሆነ ነገር ጠየቀ፤ ሐጃ ሰፊያ በአማርኛ መለሱለት፣ እኛም እንድንሰማ ነው መሰለኝ።

"ማንም አልዘረፈኝም። ዕቃው ታች ነው። ቁጭ በል፣ ሻይ ላምጣልህ።"

"እማ፣ እኔ አመጣለሁ..."

"ቁጭ በል አልኩህ።"

ሻንጣው ሰሌኑ ላይ ነበር። ትልቅ ሰው እንደሆነ፣ ከዱባይ እንደመጣ አውቃለሁ። ሄጄ በሁለት እጄ ጎትቼ ከመንገዱ አወጣሁት። ምንድን ነው በሚል ዓይን አየኝ።

ሐጃ ሰፊያ ተነሱ። ባዶ እግራቸውን ሰሌኑ ላይ አድርገው ቀና ብለው ሄዱ። መጋረጃው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ገመዷን ነካች፤ ሁለት ቋጠሮ። ገቡ። የብርጭቆ ድምፅ፣ የውሃ ድምፅ፣ የማንኪያ ድምፅ ሰማን። እናቴ ከአጠገቤ ቆማ ቀሚሷን በእጇ ጨብጣ ነበር። ሐጃ ሰፊያ ትሪውን ይዘው ሲመለሱ ሻዩ አልፈሰሰም። ትሪውን መደቡ ላይ፣ ልጃቸው አጠገብ አስቀምጠው ጎኑ ተቀመጡ።

"አላይም፣ ዑመር" አሉት። "ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምትወስደኝ ቤት ውስጥ ዕውር ነው የምሆነው። እዚህ ግን አይደለሁም።"

ዑመር ሻዩን አልነካውም። እጁ የመደቡን ጠርዝ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ የትም አይወጋም። ከኮቱ ኪስ አውጥቶት የነበረውን፣ የቤቱ ሽያጭ ውል የመሰለኝን የታጠፈ ወረቀት መልሶ ከተተው። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

"ይሄን ማን ሠራው?" አለ በመጨረሻ፣ በአማርኛ።

"አስካለ የሸራዋ። ተክሌ የባቡሩ። ደግሞ ይህች።"

ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ምን ሠራሽ?"

"ቋጠሮዎቹን" አልኩ። "መንገዱንም የምጠብቀው እኔ ነኝ።"

"ለዚህ ነው ሻንጣዬን ያባረርሽው።"

"አዎ።"

ተነስቶ ሻንጣውን ወዳነሳሁበት ጥግ ሄደ፤ ትንሽ ደግሞ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ከዚያ እናቴን፣ የድሮ ክፍሉ መስኮት መጋረጃ እንደሌለው ነግሮ፣ ከዚሁ ሸራ አንድ ትሰፋለት እንደሆነ ጠየቃት። በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ መምጣት ይኖርብኛል አለ። ሐጃ ሰፊያ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ባህሩ አዞሩ።

ነፋሱ ሲበርድ ከእናቴ ጋር በእግር ወደ ቤት ሄድን። ሌላ ቀን የግንብ ጥላ እየፈለገች ጠርዝ ጠርዙን ነው የምትሄደው፤ ያን ቀን መሀል መንገድ ላይ ሄደች። ካርቲየ 3 ስንገባ አንድ ሾፌር ከዳሷ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃታል።

"እህት አስካለ፣ ሸራዬ ደረሰ?"

"ነገ ጠዋት ና" አለችው። "ዛሬ ቤት ሠርቼ ነው የመጣሁት።"

"የማንን ቤት?"

"የሐጃ ሰፊያን። ባህሩ ጋ ያለውን ትልቁን።" ከዚያ በኖራ የተሰነጣጠቀ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። "ከዚህች ጋር።"

ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔም እንዲያየኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩለት።